የመድና እጅ

«ኩልሱም፣ የአሰንዳቦ ሰዎች ምን አድርጌያቸው ይሆን?» ስትል ዩምና እናቷን የሰማቻት ሰኞ ጠዋት ማድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ሳለ ነው። ማድ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በዚያ ቤት ምስጢር ማውራት የሚቻለው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ነው። «ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ሰው እንኳ እንዴት ነሽ አላለችኝም። ሌላው ይቅር፣ ሸዋዬ! ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜ ማር ይዛ ከአሰንዳቦ የበረረች ሴትዮ እጄ ሽባ ሆኖ ሲቀር ትቀራለች? የሆነ ነገር አጥፍቼማ ነው።» ጎረቤታቸው እትዬ ኩልሱም ሻያቸውን ፉት ሲሉ ይሰማል። «ኑሮው ነው እኮ መድናዬ» አሉ፣ «ታሪፉም ጨምሯል፤ ሰው በየቤቱ የራሱ ጣጣ አለበት።» ዩምና የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጠበችው። ሴቶቹ ለምን እንዳልመጡ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያልመጡት መድና ደህና ናት ብለው ነው፤ ደህና ናት ብላ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ የጻፈችላቸው ደግሞ ራሷ ዩምና ናት።

ዘጠኝ ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ስታጥብ ኖራ ወደ ጅማ ስትመለስ የራሷ ብላ የከፈተችው ነገር ቢኖር አንድ ብሎግ ነው። ስሙ «የመድና እጅ» ነው። እናቷ ግራኝ ናት፤ ከጅማ እስከ አሰንዳቦ ስፌት የሚያውቅ ሴት ሁሉ የመድናን ሥራ ከሩቅ ይለየዋል፤ የሌላው ሰው ስፌት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የእሷ ወደ ግራ ነው። ዩምና እናቷ ስትሰፋ ፎቶ ታነሳለች፣ ስንደዶው ከየት እንደመጣ፣ አለላው በምን እንደተነከረ ትጽፋለች፣ ከዚያ በቴሌግራም ትበትነዋለች። ግብ ያለው ሰው ግቡን ጽፎ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ይለጥፍ ሲባል አንድ ቪዲዮ ላይ ሰምታ፣ ቁምሳጥኑ በር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ለጥፋለች፦ «በሳምንት ሁለት፤ ሰኞና ሐሙስ። በዓመት መቶ። አንድም ሳምንት አይዘለልም።» ሠላሳ አንደኛው ላይ እናቷን ስትሮክ መታት፤ ግራ ጎኗን ነው የመታት። ሐኪሙ እጇ እየታሸ ቢቆይ ሦስት ወር ውስጥ ሊመለስ ይችላል አለ፤ ዩምናም ሦስት ወር ምን አላት ብላ፣ ስልኳ ውስጥ ከተጠራቀሙት የድሮ ፎቶዎች እየመዘዘች «እማዬ ዛሬ ይህን ጀመረች» እያለች መጻፍ ቀጠለች። በቅን ልብ ነበር፤ እናቷ ስትድን ቦታዋ ሳይነካ እንዲጠብቃት ነው። እጁ ግን በሦስት ወሩም በስድስት ወሩም አልተመለሰም፤ ፎቶዎቹም አለቁ።

ፎቶዎቹ ሲያልቁ ዩምና ራሷ መስፋት ጀመረች። ስፌቷ የሚናቅ አይደለም፣ ግን ቀኝ ናት። ለዚህም መላ አገኘችለት፤ ፎቶውን ስልኩ ላይ እንደ መስታወት ትገለብጠዋለች፣ የቀኙ ስፌት ግራ ሆኖ ይወጣል፣ «እማዬ ዛሬ ጨረሰችው» ብላ ትለጥፋለች። ሰው ያደንቃል፣ ያመሰግናል፣ ለእማማ ጤና ይስጥልን ይላል። ባለፈው ረቡዕ ግን የሚለጠፍ ጠፋ። የጀመረችው ሰፌድ ገና ነበር፣ ሐሙስ ደግሞ ደረሰ፣ ዘጠና ዘጠነኛው ነው። ዓይኗን ወደ ግድግዳው ስታነሳ እናቷ ስትታመም ጀምራው የቀረው ሙዳይ ከአልጋው ራስጌ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አየችው። አራት ዙር ብቻ ነው የሚቀረው። የሰው ጅምር አይነካም ሲባል በልጅነቷ ሰምታለች፤ አንድ ጊዜም የእናቷን ጅምር ነክታ ጣቷን በወስፌ ጀርባ ተመትታለች፤ ግን ይህን ሁሉ የባልቴቶች ንዝንዝ አድርጋ ነው የያዘችው። እናቷ ከሰዓት እንቅልፍ ሲወስዳት አወረደችው፣ ሐሙስ ጠዋት ጨረሰችው፣ ለጠፈችው። እናቷ ነቅታ ምስማሩን አየች፣ ዩምናን አየች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ ወዲህ «ውሃ» እና «መብራቱን» ከማለት በቀር ለልጇ ቃል አልተነፈሰችም።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ መቶኛው። ዩምና ምን እንደምታደርግ ካሰበችው ወር አልፏታል። የእናቷ እጅ እንጂ ፊቷ ብሎጉ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ መቶኛው ላይ እናቷ ደህና ለብሳ፣ ሙዳዩን በቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ደግፋ፣ ፈገግ ብላ ትታያለች። ለዚህ የእናቷ እሺታ ያስፈልጋል፤ እናቷ እንቢ ካለች መቶኛው የለም፣ መቶኛው ከሌለ ዓመቱ ሁሉ ዩምና ብቻዋን ያወራችው ወሬ ሆኖ ይቀራል። እንዲያ ነበር የሚሰማት። ስለዚህ እትዬ ኩልሱም ሲወጡ እሷም ተከትላ ወጣች፣ ከሰፈራቸው ከአወቱ መንደራ በባጃጅ ወደ ጅማው መርካቶ ሄደች፣ ሦስት ሱቅ ዞራ ጫፉ ወርቃማ የሆነ አረንጓዴ ሻርፕ ጠየቀች። ሻጩ ስድስት መቶ አላት። «አስተካክለው እንጂ፣ ለእናቴ ነው» አለችው። «ለእናት ነው እያልሽ ታስቀንሻለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀባት፣ በአራት መቶ ሰማንያም ሰጣት። በመንገድ ላይ ብሎጉን ከፈተች። እስካሁን ከለጠፈችው ሁሉ የሐሙሱን ሙዳይ ያህል ብዙ ሰው ያየው የለም። ዓርብ ዕለት ሁለት ሰዎች «አላህ ይርሀማት» ብለው ከሥሩ ጽፈው ነበር፤ ሌላ ቦታ ሊጽፉ ተሳስተው ነው ብላ አጥፍታዋለች። አሁን ደግሞ ሦስተኛ «ነፍስ ይማር» የሚል አገኘች። ሰው ሳያነብ ነው የሚጽፈው ብላ እሱንም አጠፋችው።

እናቷ መስኮቱ ሥር ካለችው አልጋ ላይ እንደተወቻት ናት። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ሁለት ፍራሽ፣ ጥግ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ስንደዶ፣ መድኃኒት የሚቀመጥባት ዝቅተኛ ጠረጴዛ። ግራ እጇ ከጋቢው ሥር ነው፤ ሰው ሲገባ ሁልጊዜ ትሸፍነዋለች፣ ልጇም ስትሆን። ዩምና ሻርፑን ከላስቲኩ አወጣችና አልጋው ላይ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ እዪው እስኪ። ያምርብሻል።»

እናቷ ሻርፑን አላየችውም።

«አንዲት ፎቶ ብቻ። መቶ ሞላ እኮ፤ አልሐምዱሊላህ አይባልም? ሙዳዩን ትይዢውና…»

«ማነው የጨረሰው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዩምና። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ቃል ስለሆነ ደስ ብሏት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አስቸኮለሽ?»

«ሐሙስ ነበራ እማዬ።»

እናቷ ልጇን ረጅም ጊዜ አየቻት። ዩምና ጥያቄው ገብቶኛል ብላ ስለ ግቡ፣ አንድም ሳምንት አለመዝለሏ ስንት ሰው እንዳስገረመ፣ ከአዲስ አበባ እንኳ የሚጠይቁ እንዳሉ ማስረዳት ቀጠለች። እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዩምና ሻርፑን አጥፋ ትራሱ አጠገብ አኖረችው፣ ምሳ በልታ ትንሽ ስትረጋጋ እንደገና እጠይቃታለሁ ብላ ተነሳች።

ምሳው ሳይቀርብ ነው ሚኒባሱ ደጃፉ ላይ የቆመው። በሩ ሲከፈት አንድ ድምፅ «መድናዬ! መድናዬ! ጉድ ሠራሽኝ!» እያለ ወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ዩምና ሮጣ የግቢውን በር ስትከፍት ጥቁር የለበሱ ሰባት ሴቶች ናቸው፤ ከፊት እናቷ ሸዋዬ የምትላቸው እትዬ ሸዋረገጥ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ። አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። «ሦስቱ ቀን አለፈብን ልጄ፣ ይቅር በይን። ዓርብ ልንነሳ መኪና አጣን፣ ትናንትም የሰው ቁጥር አልሞላልን አለ» እያሉ ያለቅሳሉ። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ዩምና ማን ሞቶ ነው ብላ እንኳ መጠየቅ ያቃታት መልሱን ከወዲሁ ስለፈራችው ነው። እትዬ ሸዋረገጥ እንባቸውን ጠርገው ከደረታቸው የልጅ ልጃቸውን ስልክ አወጡ፣ የሐሙሱን ሙዳይ አሳዩዋት። «ይኸው መርዶሽ ደረሰን። ከታች ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ቀኝ። አየሁትና ጮህኩ። ከእናቷ ጅምር ላይ ሴት ልጅ የምትቀጥለው እናት ከአፈር ስትገባ ነው፤ ሥራዋ ሳያልቅ እንዳይቀርባት። ስልኳ ዝግ ነው፣ ማንን ልጠይቅ? ግን አመሰገንኩሽ ልጄ። ዐረብ አገር ኖራ ወጉን አልረሳችም፣ እናቷን እንደ ሰፊ ቀበረቻት፣ እኛንም እንደ ሰፊ አረዳችን አልኩ።» የመድና ስልክ ከታመመች ጀምሮ ባትሪው አልቆ ሳጥን ውስጥ ነው። ዩምና አሁን ሁሉም ነገር ገባት፤ የትኛውም መገልበጥ የማይሸፍነውን ሙዳይ በገዛ እጇ አደባባይ እንዳወጣችው ገባት፤ የምትገባበት ጠፋት።

«ሸዋዬ?» አለ ከቤት ውስጥ አንድ ድምፅ። «እሷ ናት? ሸዋዬ ናት?»

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች፣ ሌላዋ «ያ ረቢ!» ብላ የበሩን ቋሚ ያዘች። እትዬ ሸዋረገጥ ዩምናን ገፍተው ገቡ፤ መድናን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሲያዩ ፍራሹ ላይ ዘፍ አሉ። «መጣሽ?» አለቻቸው መድና። «ሞትሽ ብዬ!» አሉ። «ስታመም ያልመጣሽ ስሞት መጣሽ። ይሁን፤ መጥተሻል። ሴና፣ ግቡ ሁላችሁም፣ ደጅ አትቁሙ» ብላ ሴቶቹን አስገባቻቸው። እትዬ ሸዋረገጥ ደነገጡ፣ ተቆጡ፣ ሳቁ፣ አለቀሱ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። «መታመምሽን ማን ነግሮኝ? በየሳምንቱ ስትሰፊ አይሻለሁ! ልጅቷ ቁጭ አድርጋ ታነብልኛለች። ባለፈው ሰኞ እንኳ ሰፌድ ጨረስሽ፣ ለመጪው በዓል ደግሞ ትልቅ ሌማት ልጀምር ነው አልሽ! እኔማ ቀናሁብሽ። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ትሠራለች፣ እኔ ዓይኔ ጠፍቶ ተቀምጫለሁ ብዬ አፈርኩና ነው የቀረሁት።» ከዚያ ሰባቱም ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ዩምና ዞሩ። ዩምና በር ላይ ቆማለች፤ የለበሰችው የማድ ቤት ሽርጥ ነው፣ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አለ፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ይነዳል።

«ይሻላታል ብዬ ነው» አለች። «ሐኪሙ ሦስት ወር ሲል፣ እስከዚያ ቦታዋን ልጠብቅላት ብዬ…»

«ቦታዬ እዚህ ነበር» አለች እናቷ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ስልኩ ውስጥ ያለችው መድና ትሰፋለች፣ ሰው ሁሉ ለእሷ ጤና ይስጥሽ ይላል። እዚህ ያለችውን የሚጠይቃት የለም። በቀን በቀን በሩን አያለሁ። ማንን በድያለሁ እያልኩ የሞቱትን እንኳ ሳይቀር ቆጠርኩ።» ጋቢውን በቀኝ እጇ ገለጠችና ግራ እጇን ጭኗ ላይ አወጣችው። ቀጭን ሆኗል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል፣ አውራ ጣቱ ላይ አርባ ዓመት ወስፌ የገፋበት ጠባሳ ብቻ እንደድሮው ነው። «ይኸውላችሁ። ለለቅሶ ብላችሁ ነው የመጣችሁት፤ የሞተው እሱ ነው። እኔ ብቻዬን አልቅሼለታለሁ፣ ግን ብቻ ማልቀስ አይበቃም።» እትዬ ሸዋረገጥ ተንበርክከው እጁን ያዙ፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ አለቀሱ። ሌሎቹም እየተነሱ እየመጡ ያዙት። እያንዳንዷ በዚያ እጅ የተሠራላትን እያነሳች ታለቅሳለች፣ የሰርጌን ሙዳይ፣ የልጄን ሰፌድ፣ ወስፌ አያያዝ ያስተማርሽኝን እያለች። ዩምናም ልትጠጋ ፈለገች፤ ግን በእናቷና በእሷ መካከል ሰባት ጀርባ ነበር፣ አንዱም አልተከፈተላትም።

ሻይ ተፈላ፤ ያመጡት ዳቦ ተቆረሰ። ሴቶቹ ከእናቷ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አያወሩም፣ ብርጭቆ ስታቀብላቸው «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው በትሕትና ይቀበሏታል፣ ከስድብ ይልቅ ይህ አንገበገባት። ሦስተኛው ሻይ ላይ እናቷ ጠራቻት።

«ስልክሽን አምጪ። ዛሬ የመጻፊያሽ ቀን አይደል? ስምንት ወር በእኔ አፍ ስትጽፊ ኖረሻል፤ አንዴ እኔ የምልሽን ጻፊ።»

ዩምና ስልኩን ከፈተች። እናቷ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ነገረቻት፦ «የመድና ግራ እጅ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። መድና አለች። የወደዳት ይጠይቃት።» ዩምና ጻፈችው። ከታየ ወዲያ ምን እንደሚከተል ወዲያው ታያት፤ እነዚያ ሰፌዶች የማን ናቸው የሚሉ ሰዎች፣ ሌባ፣ ውሸታም፣ እናቷን የሸጠች። ዘጠና ዘጠኙም ጽሑፍ በአንዱ ይበላል። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ።

«ላክሽው?» አለች እናቷ።

«ልኬዋለሁ» አለች።

እናቷ ማንበብ አትችልም። ስልኩን ሳይሆን የልጇን ፊት አየችና ወደ ሸዋረገጥ ዞረች። «ሸዋዬ፣ መኪናው የደርሶ መልስ ነው? ለእኔ የሚሆን ቦታ ይኖራል?» ሸዋረገጥ ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ ልብሷን መሰብሰብ ጀመሩ። ዩምና ደነገጠች። «እማዬ፣ የት ልትሄጂ? መድኃኒትሽስ? እጅሽን ማን ያሽልሻል?» እናቷ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ስትነሳ እንዲህ አለቻት፦ «አሰንዳቦ ሄጄ ልታመም። እዚህ ቤት ደህና ነኝ።» ይህን ብላ እግሯን እየጎተተች ወጣች፤ ሻርፑ ትራሱ አጠገብ እንደታጠፈ ቀረ። ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮት ቦታ ሰጧት፣ ጀርባዋን በተጠቀለለ ጋቢ ደገፉት። ዩምና ኪኒኖቹን በላስቲክ አድርጋ በመስኮቱ አቀበለቻት፤ እናቷ ተቀበለቻት፣ «ግቢ፣ ብርድ ነው» አለቻት፤ መኪናው ሄደ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ዩምና ሰባቱን ብርጭቆዎች ሰብስባ ሳታጥባቸው ተቀመጠች። ስልኩን አየችው። ጽሑፉ እንደተጻፈ አለ፣ አንዲት መነካት ብቻ ነው የቀረችው። አሁን ልላከው አለች ለራሷ፤ ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ላስተካክለው አለች፤ ከዚያ ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይሻላል አለች። ውሸቷን ራሷም ሰማችው። አፈረች፣ ራሷንም ጠላች፣ ግን ጣቷ አልታዘዝ አላት። ያን ጊዜ የግቢው በር ተንኳኳ።

አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ከአጋሮ፣ ከእናቷ ዘመዶች ወገን። አንደኛዋ የሚጥሚጣና የሹሮ ላስቲክ ይዛለች፣ ሌላዋ ስኳር። ሽማግሌው ሸኩር እባላለሁ፣ የእናትሽ የአጎት ልጅ ነኝ፣ ወሬውን ዛሬ ጠዋት ከገበያ ሰማን አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «አልሞተችም» አለች ዩምና። «እናቴ አለች። ወላሂ አለች፣ አሰንዳቦ ሄዳለች።» ሦስቱ ተያዩ። «መቼ ሄደች ልጄ?» «አሁን። በሚኒባስ። ለቅሶ ከመጡት ጋር።» ይህን ስትናገር ለራሷም ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አወቀች። ስኳር የያዘችው ሴት ዕቃዋን አስቀምጣ አቀፈቻት፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ ያደርጋል፣ እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ እንዲህ አድርጎኝ ነበር» እያለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ስልኩ እጇ ውስጥ ነው፤ መክፈት፣ ማሳየት ትችላለች፤ እንዲያውም ብትልከው እነሱም ያዩታል። አልከፈተችውም። ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ፣ የእናቷን አልጋ ባዶውን አዩት፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ዩምናን ፍራሹ ላይ፣ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ፣ አስቀመጧት።

ሽማግሌው ዱዓ አደረጉ። ዩምና «አሚን» አለች፤ ድምፅዋ እንደወጣ እንባዋ መጣ፣ ከመጣም በኋላ የሚመልሰው ጠፋ። ስምንት ወር ያላለቀሰችውን ሁሉ ጮኻ አለቀሰችው። ጩኸቱን ሰምተው እትዬ ኩልሱም እየሮጡ መጡ፣ በሩ ላይም ቆሙ። መድና ከአንድ ሰዓት በፊት በእግሯ ስትወጣ አይተዋል፣ መኪና ስትገባ የደገፏትም እሳቸው ናቸው። የአጋሮዎቹን ሰዎች አዩ፣ ዩምናን አዩ፣ ዩምናም አየቻቸው፣ እባክዎ አይናገሩ እንደማለት። እትዬ ኩልሱም ሻርፓቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ገቡና፣ ምንም ሳይናገሩ፣ አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።